ሰነዱ ከተሟላ በኋላ ቃለ መጠይቁ ለምን ይዘገያል? አዲስ አበባ ላይ ለሚጠበቅ የትዳር ጓደኛ ቪዛ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በዲቪ ዕድል አሜሪካ የገባሁት በኦገስት 2021 ነው። በጃንዋሪ 2023 አዲስ አበባ ሄጄ አገባሁ፤ በማርች 2023 ለባለቤቴ አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ አስገባሁ። እኔን ከማግባቷ በፊት የወለደቻት፣ በመጪው ኤፕሪል 19 ዓመት የሚሞላት ልጇም በዚያው ፋይል ውስጥ አለች። ማመልከቻው ጸድቆ፣ ክፍያው ተከፍሎ፣ ወረቀቱ ሁሉ ተልኮ ካለቀ በኋላ በዲሴምበር 2024 ናሽናል ቪዛ ሴንተር ሰነዳችን እንደተሟላ አሳወቀን። ከዚያ ወዲህ 14 ወር ሆነን፤ የቃለ መጠይቅ ቀን ግን የለም። ከእኔ በኋላ ያስገባ የሥራ ባልደረባዬ ሚስቱን ካመጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ኤምባሲው ፋይላችንን ረስቶት ይሆን? ወደ ናይሮቢ ባዛውረው ይፈጥናል? አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከተከፈለው ቀጠሮ ማስያዝ እንደሚችል ለባለቤቴ ነግሯታል። ለኮንግረስ አባል ልጻፍ ወይስ ጠበቃ ይዤ ልክሰስ?»

ፋይልዎ አልተረሳም። ቃለ መጠይቅ እስኪቀጠር ድረስ የኢሚግራንት ቪዛ ፋይል የሚቀመጠው በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ፖርትስመዝ ከተማ ባለው ናሽናል ቪዛ ሴንተር ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ የሚረሳው ነገር ገና አልደረሰውም። ስሕተቱ ያለው በአቆጣጠሩ ላይ ነው። አንድ ጥበቃ አድርገው የያዙት 14 ወር ሦስት የተለያዩ ወረፋዎች ተከታትለው የመጡበት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ከሕጉ፣ ሁለተኛው ከኤምባሲው አቅም፣ ሦስተኛው ዋሽንግተን ላይ ከተላለፈ ውሳኔ የመጣ ነው። ከሦስቱ የትኛው ላይ እንደቆሙ ሳያውቁ የሚወስዱት እርምጃ ሁሉ ገንዘብ ያስወጣዎታል እንጂ ቀን አያስገኝልዎትም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ወራት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መሥሪያ ቤቶቹ የሚሠሩት በእሱ ነውና።

ከመጀመሪያው ወረፋ ልነሣ። ተራዎ የተያዘው ሰነድ በተሟላበት በዲሴምበር 2024 ሳይሆን፣ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ዩኤስሲአይኤስ) አይ-130ዎን በተቀበለበት በማርች 2023 ነው፤ ይህ ቀን በተለምዶ ፕራዮሪቲ ዴት ይባላል። ባልደረባዎ ከእርስዎ በኋላ አስገብቶ ቀድሞ ከጨረሰ፣ የአሜሪካ ዜጋ ነው ብዬ ለመገመት አልቸገርም። የዜጋ ባል ወይም ሚስት የዓመት ኮታ የላቸውም፤ ማመልከቻው ሲጸድቅ ቪዛው እንዳለ ይቆጠራል። የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ግን ኤፍ2ኤ በሚባለው ምድብ ውስጥ ትገባለች። ሕጉ ለቤተሰብ ምድቦች በዓመት 226,000 ቪዛ ሲመድብ፣ ለቋሚ ነዋሪዎች የትዳር ጓደኞችና ላላገቡ ልጆቻቸው የሚደርሰው 114,200 ነው፤ ከዚህም 77 በመቶው፣ ማለትም ወደ 88,000 የሚሆነው፣ ለኤፍ2ኤ ይሰጣል። ይህ ለመላው ዓለም ነው። ባለቤትዎና ልጇም እንደ ሁለት ቪዛ እንጂ እንደ አንድ ቤተሰብ አይቆጠሩም።

የዚህ ኮታ አካሄድ በየወሩ የሚገለጸው ቪዛ ቡለቲን በሚባለው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው። የኤፍ2ኤ ምድብ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነበር። እርስዎ ያስገቡት ክፍት ሆኖ በታየበት የመጨረሻው ወር ነው፤ በኤፕሪል 2023 ወደ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2020 ተመልሶ ተዘጋ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ቡለቲኑ ሁለት ሠንጠረዥ እንዳለው ባለማወቅ ነው። አንዱ ሰነድ ማስገባት የሚጀመርበትን ቀን የሚያሳይ ሲሆን ሌላው ቪዛ በትክክል የሚሰጥበትን ቀን ያሳያል። ናሽናል ቪዛ ሴንተር ክፍያና ወረቀት የጠየቀዎት የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ስለደረሰልዎት ነው፤ ቀጠሮ የሚሰጠው ግን በሁለተኛው ነው። በ2024 መጨረሻ፣ የሰነድ መሟላት ደብዳቤው በእጅዎ በገባበት ሰሞን፣ ሁለተኛው ሠንጠረዥ ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ላይ ቆሞ ነበር፤ ለወራትም ከዚያ አልተነቃነቀም። ስለዚህ 2025ን አብዛኛውን የጠበቁት ኮታውን ነው። ኤምባሲው ቢፈልግ እንኳ በዚያ ጊዜ ሊቀጥርዎ አይችልም ነበር። ቡለቲኑ ማርች 2023ን ያለፈው በኦክቶበር 2025 ነው።

ሁለተኛው ወረፋ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ኤምባሲው በየወሩ ስንት ሰው ማነጋገር እንደሚችል ለናሽናል ቪዛ ሴንተር ያሳውቃል፤ ማዕከሉም ፕራዮሪቲ ዴታቸው ከደረሰላቸው መካከል ሰነዳቸው ቀድሞ የተሟላላቸውን በቅደም ተከተል ይጠራል። እዚህ ላይ ዲሴምበር 2024 ዋጋ አለው፤ ቦታዎን የሚወስነው እሱ ነው። ሠንጠረዡ በአንድ ጊዜ ብዙ ወር ሲዘል በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች በአንድ ቀን «ደርሷል» ስለሚባሉ መስኮቱ ጋ መጨናነቅ አይቀርም። በዚያ ላይ የዲቪ ባለዕድሎች ጉዳይ ሴፕቴምበር 30 ላይ ስለሚሞት የበጀት ዓመቱ ሲገባደድ የእነሱ ቀጠሮ ቅድሚያ የሚያገኝበት ጊዜ አለ፤ እርስዎም አንድ ጊዜ በዚያ በር አልፈዋልና ጥድፊያውን ያውቁታል። የአዲስ አበባው ክፍል በ2020 መደበኛ የቪዛ አገልግሎት በወረርሽኙ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ሲቆም፣ በኋላም በኖቬምበር 2021 በጦርነቱ ሳቢያ ሠራተኞቹ አገር ለቀው እንዲወጡ ሲታዘዙ የተከመረ ሥራ ነበረበት።

ስለዚህ ወረፋ መረጃ ሲፈልጉ አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በየኤምባሲው ይህን ያህል ወር እያለ የሚያወጣው የቀጠሮ ጥበቃ ሠንጠረዥ የጎብኚና የተማሪ ቪዛን የሚመለከት ነው፤ በየቡና ቤቱ የሚጠቀሰው ቁጥር ከዚያ የተቀዳ በመሆኑ ለእርስዎ ጉዳይ አይሠራም። ለኢሚግራንት ቪዛ የተዘጋጀው ሌላ መሣሪያ ነው፤ የኤምባሲውን ስም ሲመርጡ በየትኛው ወር ሰነዳቸው የተሟላላቸው ሰዎች እየተጠሩ እንደሆነ ያሳያል። ከራስዎ ደብዳቤ ቀን ጋር ያስተያዩት። የጎረቤትን ልምድ ከመጠየቅ ይህ ይሻላል።

ሦስተኛው አዲስ ነው፤ አሁን የቆሙትም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከጃንዋሪ 21 ቀን 2026፣ ማለትም ከጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት አቁሟል። የሰጠው ምክንያት ከእነዚህ አገሮች የሚመጡ ስደተኞች በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩ ይሆናሉ የሚል ሥጋት ነው። ማስታወቂያው እንደሚለው ማመልከቻ መቀበልም ሆነ ቀጠሮ ሰጥቶ ማነጋገር አይቋረጥም፤ የማይሰጠው ቪዛው ነው። ቀድሞ የተሰጠ ቪዛ አልተሰረዘም፤ የጉብኝት ቪዛም በዚህ ትእዛዝ አልተነካም። የዜጋ ሚስትም ብትሆን በእገዳው ውስጥ ናት። ማብቂያ ቀን ስላልተቆረጠለት «በዚህ ወር ይነሣል» የሚልዎት ሰው የሚሸጠው ተስፋ ነው። ማንኛውንም እርምጃ ከመውሰድዎ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ከመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ራስዎ ያረጋግጡ፤ እንዲህ ያሉ ትእዛዞች በአንድ ጀንበር ይለዋወጣሉ።

ይህን ከያዝን ያቀረቧቸውን አማራጮች መመዘን ቀላል ይሆናል። ናይሮቢን ይተውት። ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የኢሚግራንት ቪዛ አመልካች ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው በሚኖርበት ወይም ዜግነቱ በሆነበት አገር ነው፤ ባለቤትዎ ኬንያ ነዋሪ መሆኗን በሰነድ ካላሳየች አይቀበሏትም። እገዳውም የሚከተለው ፓስፖርቱን ነው። ናይሮቢ ቢቀርብ፣ ሮም ቢቀርብ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ተዛውሮ ውድቅ ከሆነ ደግሞ የመመለሻው ጊዜ ከኪስዎ ነው።

ገንዘብ ተቀብዬ ቀን አስይዛለሁ ያለው ሰው ያታልላችኋል። የኢሚግራንት ቪዛ ቀጠሮ አመልካቹ የሚመርጠው ክፍት ቀን የለውም፤ ማዕከሉ በቅደም ተከተል ያወጣዋል፤ ስለዚህ ደላላው የሚገዛው ነገር የለም። የሚያስፈራኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው የኬዝ ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን ይቀበላል፣ «ለማጠናከር» ብሎ የሐሰት ወረቀት ያስገባል፣ ከዚያ ይጠፋል። በአሜሪካ ሕግ ጉዳዩን ሊያስለውጥ በሚችል ነገር ላይ ሐሰት ማቅረብ ዕድሜ ልክ አሜሪካ ከመግባት የሚከለክል ነው፤ ይቅርታ የሚገኘውም በጠባብ በር ነው። ወረቀቱን ያስገባው ደላላ ቢሆንም የሚጠየቀው ፊርማው የሠፈረበት ሰው ነው። እስከዚያው በጎብኚ ቪዛ ትምጣ የሚለውን ምክርም እንዳትሰሙ። ቅጹ በስሟ የኢሚግራንት ማመልከቻ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ «አዎ» ብትል የመመለስ ሐሳብ የላትም ተብላ ትከለከላለች፣ «አይ» ብትል ዋሸች።

የማፋጠን ጥያቄ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመምንና የመሰለውን ለማስተናገድ የተዘጋጀ ነው፤ ናፍቆት፣ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት አያበቁትም። ለኮንግረስ አባል መጻፍ ጉዳት የለውም፤ የፈቃድ ቅጽ ፈርመው ሲሰጧቸው ቢሯቸው ኤምባሲውን ይጠይቃል፤ የሚመጣው መልስም ፋይሉ የት እንዳለ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ይሆናል። መልሱን አሁን ከእኔ ስላገኙት ያን ካርድ ለኋላ ቢያቆዩት ይሻላል፤ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ያለ ምክንያት የዘገየ ፋይል ሲያጋጥም ነው የሚጠቅመው። ክስ ደግሞ ቢበዛ መሥሪያ ቤቱ አንድ ውሳኔ እንዲሰጥ ያስገድዳል እንጂ ቪዛ እንዲሰጥ አያስገድድም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2024 ዜጋ እንኳ የትዳር ጓደኛው አገር እንዲገባለት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መሠረታዊ መብት የለውም ሲል ወስኗል። ገና ቃለ መጠይቅ ያልተደረገበትን የኮታ ፋይል ይዞ መክሰስ፣ በእኔ አስተያየት፣ ጠበቃውን ብቻ የሚጠቅም ነው።

ያልጠየቁኝ ነገር ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ዜግነትዎ ነው። በኦገስት 2026 በቋሚ ነዋሪነት አምስት ዓመት ይሞላዎታል፤ ሕጉ የዜግነት ማመልከቻውን፣ ኤን-400 ቅጹን፣ 90 ቀን አስቀድመው እንዲያስገቡ ስለሚፈቅድ ከሜይ 2026 ጀምሮ ማመልከት ይችላሉ። ዜጋ ሲሆኑ ባለቤትዎ ከኮታው ትወጣለች፤ ቡለቲኑ እንደ 2023ቱ ወደ ኋላ ቢመለስ አይነካትም። እገዳውን ግን አያስነሣላትም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር እገዳው በተነሣ ዕለት ከኮታ ወረፋ ነጻ ሆና እንድትገኝ ማድረግ ነው። ለዚህ ሲሉ አሁን ባለቤትዎ ጋ ሄደው ረጅም ጊዜ እንዳይቀመጡ አደራ፤ ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየት የአምስት ዓመቱን ቆጠራ አጠያያቂ ያደርገዋል። የታክስ ወረቀትዎንም ይመልከቱ፤ ካገቡ በኋላ ባሉት ዓመታት «ያላገባ» ብለው ሞልተው ከሆነ፣ ለዜግነት ከመቅረብዎ በፊት በባለሙያ ያስተካክሉት።

አደገኛው ነገር ልጅቷ ላይ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ሲሰበር ያየሁትም እዚህ ላይ ነው። አሁን በኤፍ2ኤ ውስጥ ከእናቷ ጋር ተጠግታ ትሄዳለች፤ የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቀው ሕግም ቪዛው በደረሰበት በኦክቶበር 2025 የነበራትን ዕድሜ፣ ያውም ማመልከቻው በመጽደቅ ላይ የቆየበት ጊዜ ተቀንሶለት፣ ስለሚይዝላት ፋይሉ እስካለ ድረስ ከ21 በታች ናት። እርስዎ ዜጋ በሆኑበት ቅጽበት ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል። የዜጋ ሚስት ልጇን አስጠግታ የምታመጣበት መንገድ በሕጉ ውስጥ የለም፤ እናት ቪዛ ስታገኝ ልጅ አዲስ አበባ ትቀራለች። መፍትሔው ለእሷ ራሱን የቻለ አይ-130 ማስገባት ነው፤ ጋብቻችሁ የተፈጸመው 18 ሳይሞላት ስለሆነ በእንጀራ አባትነትዎ ማስገባት ይችላሉ። ያን ማመልከቻ ከዜግነቱ በፊት አሁኑኑ ካስገቡ፣ ዜጋ በሚሆኑበት ቀን ያላት ዕድሜ ይያዝላታል፤ በኤፕሪል 2028 21 ከመሙላቷ በፊት ዜጋ እንደሚሆኑ መተማመን ይቻላል። እስከዚያ ማግባት የለባትም። የግሪን ካርድ ባለቤት ላገባ ልጅ የሚያመለክትበት ምድብ ስለሌለ በሽማግሌ ፊት የተጀመረ ጋብቻ እንኳ ፋይሉን ይገድለዋል። ይህን ለእናቷ ብቻ ሳይሆን ለልጅቷ ራሷ በግልጽ ይንገሯት።

በዚህ መሃል የሰነዱን ሕይወት መጠበቅ የእናንተ ሥራ ነው። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ፋይሉን ከፍተው ይግቡ ወይም ለማዕከሉ መልእክት ይላኩ፤ ዓመት ሙሉ ዝም የተባለ ጉዳይ ሊዘጋ ይችላል። ባለቤትዎ ለቃለ መጠይቅ ከተጠራች፣ ቪዛ እንደማይሰጥ ቢታወቅም ትቅረብ። የሕክምና ምርመራ ግን ቀጠሮ ሳይወጣ አታድርግ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ብቻ ነው። ዐረብ አገር ከ16 ዓመቷ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርታ ከሆነ የዚያ አገር የፖሊስ ማስረጃም ያስፈልጋል፤ ይህን ዘንግተው የቃለ መጠይቁ ዕለት የሚደነግጡ እህቶች ጥቂት አይደሉም፤ ወረቀቱን ከዚያ ማስመጣት ደግሞ ወራት ይፈጃል።

የልጅቷ የልደት ማስረጃ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን እሷ የተወለደችው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ምስክር ወረቀቷ ዘግይቶ የወጣ ነው፤ ቆንስሉ ይህን ሲያይ ሌላ ማስረጃ መጠየቁ የተለመደ ነው። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለው የትምህርት ቤት ካርድ፣ የእናቷ ስም ያለበት ማንኛውም የቆየ ወረቀት ይሰብሰብ። የዲኤንኤ ምርመራ በኤምባሲው ከተጠየቀ በእሱ መንገድ ብቻ ይደረጋል፤ በግል ተመርምሮ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። የስሞቹን የላቲን አጻጻፍ በፓስፖርቱ፣ በልደቱና በጋብቻ ወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ በአራት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ። የዘመን አቆጣጠር ልወጣውንም እንደዚሁ። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሆነ እስከ የካቲት ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል፤ ያቺ አንዲት ቀን ሁለት ወረቀቶችን የሁለት ሰው ታስመስላቸዋለች።

ለእገዳው የተሰጠው ምክንያት የገንዘብ አቅም ስለሆነ አይ-864 በሚባለው የገንዘብ ዋስትና ቅጽ ላይ ያለውን የድጋፍ ማስረጃ አሁን ማጠናከር ብልህነት ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ለሦስት ሰው ቤተሰብ የተቀመጠውን የድህነት ወለል 125 በመቶ ነው፤ እርስዎ ግን ወለሉን ለጥቂት ከማለፍ ራቅ ይበሉ። የመጨረሻውን ዓመት የታክስ ትራንስክሪፕት ያስወጡ፤ ገቢዎ ሳሳ ካለ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ተባባሪ ዋስ አሁን ይፈልጉ። ዋስትናው ፍቺ ቢመጣም እንደማይፈርስ ለሚፈርመው ሰው ሳይደብቁ ይንገሩት።

እንግዲህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ናይሮቢን፣ ደላላውንና ክሱን ይተዉ። በዚህ ወር ለልጅቷ ለብቻዋ አይ-130 ያስገቡ፤ የደረሰኙ ወረቀት ሳይመጣ ስለ ኤን-400 አያስቡ። በሜይ ዜግነቱን ያመልክቱ። ቃለ መሐላ በፈጸሙ ዕለት የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ ከባለቤትዎ የኬዝ ቁጥርና ከልጅቷ የደረሰኝ ቁጥር ጋር አድርገው፣ ፋይሎቹ ወደ ዜጋ ቤተሰብ ምድብ እንዲዛወሩ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የባለቤትዎን ለናሽናል ቪዛ ሴንተር፣ የልጅቷ ገና ዩኤስሲአይኤስ ጋ ከሆነም ለእነሱ። ካልነገሯቸው ማንም አያዛውርልዎትም።